በሐረር ትንኝን ከቤትና ከግቢ ለማራቅ ቅድሚያ ትኩረት የሚሻው የተጠራቀመ ውሃ ነው

በሐረር ከተማ ውሃ በመጣ ዕለት በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጪ ባሉት መንደሮች የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ አንድ ነው። በርሜል ይሞላል፤ ጀሪካን ይደረደራል፤ ሮቶ ያለው ሮቶውን ይሞላል፤ ባልዲና ድስት ሳይቀር ውሃ ይይዛል። ቀጣዩ ፈረቃ መቼ እንደሚደርስ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ቢሞላ የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ለቀናት ሳይከደን የሚቀመጠው ይኸው ውሃ የከተማ ትንኞች እንቁላላቸውን ለመጣል ከሚመርጧቸው ስፍራዎች ቀዳሚው ነው።

ትንኝን ስለመከላከል ሲነሳ በብዙዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ረግረግ፣ ያቆረ ኩሬና የወንዝ ዳርቻ ነው። በመሆኑም ወንዝም ሆነ ረግረግ በሌለበት፣ በድንጋይ ግንብ በተከበበ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ጉዳዩን የገጠር ወረዳዎች ጉዳይ አድርጎ ማየቱ የተለመደ ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ከተማ መሆኗም ይህንኑ አመለካከት አጠናክሮታል። «ወባ የኤረር ነው» የሚለው አነጋገርም ከዚሁ የመነጨ ነው።

አመለካከቱ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። የወባ በሽታን የሚያመጣው ጥገኛ ተህዋስ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመጎልመስ ሙቀት ይፈልጋል። ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት 12 ቀናት ያህል ሲወስድበት፣ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ከ3 ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። ከ18 ዲግሪ በታች ደግሞ እድገቱ በእጅጉ ይገታል። አብዛኞቹ ትንኞች ይህን ያህል ጊዜ በሕይወት ስለማይቆዩ በከፍታ ቦታዎች የወባ ስርጭት አነስተኛ ይሆናል። በሐረሪ ክልል ውስጥም ቆላማው የኤረር ሸለቆ ከከተማው ወረዳዎች ይልቅ ለወባ የተጋለጠ ነው።

ሆኖም ከፍታ ዋስትና እንዳልሆነ የሀገሪቱ የጤና ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ በ1958 በኢትዮጵያ የተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ያጠቃው በአብዛኛው በሽታውን የማያውቁትን የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ነበር። በዚያ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150 ሺህ የሚሆኑት ሕይወታቸው እንዳለፈ ይገመታል። በማግስቱ ዓመት የወባ ማጥፋት አገልግሎት የተቋቋመውም ከዚህ ጥፋት በመነሳት ነው። አገልግሎቱና ከእርሱ በኋላ የመጡት መርሐ ግብሮች ለትውልድ ያስተማሩት ትምህርት በሦስት ነገሮች ላይ ያተኮረ ነበር። እነርሱም ያቆረ ውሃን ማፋሰስና ማዳፈን፣ የቤት ውስጥ የኬሚካል ርጭት ማካሄድና በአጎበር ውስጥ መተኛት ናቸው።

ይህ ትምህርት የተቀረጸው በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ሆና የቆየችውን አኖፊለስ አረቢየንሲስን ታሳቢ በማድረግ ነው። ትንኟ ከዝናብ በኋላ በሚፈጠሩ ፀሐይ በሚያገኛቸው ትናንሽ ኩሬዎች፣ በከብት ኮቴ ዱካ በቆመ ውሃና በመስኖ ቦዮች ዳር ትራባለች። የምትናደፈውም በአብዛኛው በምሽትና በሌሊት ነው። ለኤረር ሸለቆ ገበሬ ትምህርቱ ዛሬም እንደ ጸና ነው። ለከተማው ነዋሪ ግን ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ባለፉት ዓመታት በአጎራባች ከተሞች የደረሰው ያሳያል።

ከሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቀው የድሬዳዋ ከተማ እ.ኤ.አ በ2013 የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተከስቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን አጥቅቷል። እ.ኤ.አ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በዚያው ከተማ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ማዳረሱ ተመዝግቧል። ሁለቱም በሽታዎች በቫይረስ የሚመጡ ሲሆኑ፣ የምታስተላልፋቸው ኤደስ ኢጂፕቲ የተባለችው በእግሮቿና በጀርባዋ ላይ ነጫጭ መስመሮች ያሏት ጥቁር ትንኝ ናት። ኤደስ ረግረግ አትፈልግም። የምትፈልገው በሰው ቤት ውስጥና ዙሪያ የተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ነው። የምትናደፈውም በቀን ነው።

ሦስተኛዋ ትንኝ ይበልጥ አሳሳቢ ሆና ተገኝታለች። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዐረብ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ የሆነው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በአፍሪካ ቀንድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኝታለች። ቀጥሎ በተካሄደ ጥናት በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በደገሃቡር፣ በጎዴ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በሰመራና በሌሎችም የምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች መኖሯ ተረጋግጧል። ይህች ትንኝ ወባን ታስተላልፋለች፤ አራብቷ ግን እንደ ኤደስ ሁሉ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በውሃ ገንዳና በግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በሌላ አነጋገር ወባ በከተማ እንዳይስፋፋ ያደርግ የነበረውን የመራቢያ ቦታ እጥረት አስወግዳዋለች።

ውጤቱ በጅቡቲ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ በ2012 በዚያች ሀገር የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 27 ብቻ ነበሩ፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ በላይ ደርሷል። ለዚህ ሌሎች ምክንያቶችም አስተዋጽኦ ቢያደርጉም የአዲሷ ትንኝ መግባት ከፍተኛ ድርሻ እንደነበረው ይታመናል። በድሬዳዋም እ.ኤ.አ በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ ማለትም ወባ ይቀንሳል ተብሎ በሚጠበቅበት ወቅት፣ ከ2 ሺህ 400 በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። በ2019 በሙሉ ዓመቱ የተመዘገቡት 200 ያህል ነበሩ። በሕሙማኑ ቤቶች አካባቢ ከተያዙት ጎልማሳ ትንኞች መካከል አብላጫዎቹ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም ወር 2022 የዚህችን ትንኝ መስፋፋት ለመግታት አህጉራዊ ጥረት ይፋ ያደረገው በዚህ ሁኔታ ነው።

ሐረር የምትገኘው በድሬዳዋና በጅግጅጋ መካከል ባለው ዋና መንገድ ላይ ነው። በዚህ መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱት የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ጎማ፣ በርሜልና ባዶ ጀሪካን ይጭናሉ። የትንኝ እንቁላልና እጭም በእነዚህ ዕቃዎች አብሮ ሊጓዝ ይችላል። በመሆኑም የሐረር ነዋሪና አስተዳደር ከጎረቤት ከተሞች ልምድ ትምህርት ለመውሰድ ሕሙማን እስኪበዙ ድረስ የሚጠብቁበት ምክንያት አይኖርም።

እዚህ ላይ ነዋሪው ውሃ የሚያጠራቅመው ለምን እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት የመጠጥ ውሃ ስታገኝ የኖረችው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም ማብቂያ ላይ በደለል፣ ከመጠን በላይ በሆነ የመስኖ አጠቃቀምና በሌሎችም ምክንያቶች ደረቀ። ምንም እንኳ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ መያዝ ቢጀምርም፣ ከተማዋ በጊዜው ሌላ ምንጭ ለመፈለግ ተገዳ በድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኘው ከሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ውሃ በረጅም መስመር እየተገፋ እንዲመጣ ተደርጓል። ከቆላ ወደ ከፍታ የሚገፋ ውሃ ኃይል ሲቋረጥ ወይም መስመር ሲበላሽ ይቆማል፤ ነዋሪውም ለዚያ ቀን ይዘጋጃል።

ስለዚህ «ውሃ አታጠራቅሙ» የሚል ምክር በሐረር ሰሚ ሊያገኝ አይችልም፤ ሊያገኝም አይገባውም። ተግባራዊ የሚሆነው ምክር «አጠራቅሙ፤ ነገር ግን ክደኑ፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ፍቃችሁ እጠቡ» የሚለው ነው።

ሳምንት የተባለበት ምክንያት አለው። ትንኝ አራት የእድገት ደረጃዎችን ታልፋለች፤ እነርሱም እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬና በራሪው ጎልማሳ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሚያልፉት በውሃ ውስጥ ወይም በውሃ ዳር ነው። በሞቃት ወቅት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ያለው ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀናት ይደርሳል። በየሳምንቱ ውሃው ከተደፋና ዕቃው ከታጠበ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ዑደቱ ይቋረጣል። አሥር ቀን ከዘለለ ግን የታጠበው ዕቃ ትንኞቹን ከለቀቀ በኋላ ሊሆን ይችላል።

መታጠብ ብቻ ሳይሆን መፈግፈግም ያስፈልጋል። የኤደስ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ሳይሞት መቆየት የሚችል ሲሆን፣ ዕቃው ዳግም ሲሞላ ውሃው ደርሶት ይፈለፈላል። ውሃውን ደፍቶ ወዲያውኑ መልሶ የሚሞላ ሰው እጮቹን አስወገደ እንጂ እንቁላሎቹን አላስወገደም። የበርሜሉን የውስጥ ግድግዳ በሻካራ ብሩሽና በሳሙና ጠንከር አድርጎ ማሸት፣ እጣቢውንም ወደ ሌላ ዕቃ ሳይሆን ወደ ደረቅ መሬት መድፋት ተገቢ ነው።

አንድ ዕቃ እጭ እንዳለው ለማወቅ የባለሙያ መሣሪያ አያስፈልግም። በርሜሉ ሳይነካ በባትሪ መብራት ከላይ ማየት በቂ ነው። የኤደስና የኪውሌክስ እጮች ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው በጭራቸው በኩል ባለው የመተንፈሻ ቱቦ ከውሃው ወለል ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። የአኖፊለስ እጭ ግን ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። ጥላ ሲያርፍባቸው ወይም ዕቃው ሲነቃነቅ ሁሉም እየተጣመዘዙ ወደ ታች ይወርዳሉ። ስለዚህ በርሜሉን አንኳኩቶ የሚመለከት ሰው ምንም እንደሌለ ሊመስለው ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይኖርበታል። እጩ የተገኘው በመጠጥ ውሃ ሮቶ ውስጥ ከሆነ፣ በጠባብ አንገት ጀሪካን ውስጥ ከሆነ ወይም በጓሮ ጎማ ውስጥ ከሆነ የሚወሰደው እርምጃ ይለያያል።

በርሜል የከተማው ዋነኛ የውሃ ዕቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከደነው ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ተጥሎበት፣ በላዩ ድንጋይ ተቀምጦበት ነው። ይህ አቧራን ይከላከል ይሆናል እንጂ ትንኝን አይከላከልም፤ በክዳኑና በበርሜሉ አፍ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ካለ ለትንኝ ሰፊ በር ነውና። ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ በአፉ ላይ ወጥሮ በገመድ ወይም ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ዙሪያውን ማሰር ከከባድ ክዳን ይልቅ ያገለግላል። ጨርቁ መሐል ላይ ረግቦ ውሃ የሚይዝ ከሆነ ግን እርሱ ራሱ መራቢያ ስለሚሆን ጥብቅ ሆኖ መወጠር አለበት።

ክዳኑ የጠፋበት ጀሪካንም ቸል የሚባል አይደለም። ሮቶ በአንጻሩ በክዳኑ በኩል የተሻለ ነው፤ ችግሩ ያለው በማፍሰሻና በአየር ማስተላለፊያ ቱቦው ላይ ነው። የቱቦዎቹን አፍ በወንፊት ሽቦ መሸፈን ትንሽ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በመሬት ውስጥ የተሠሩ የኮንክሪት ገንዳዎች ለመፈግፈግ ስለማይመቹ ክዳናቸው በትክክል የሚገጥም መሆን አለበት፤ ካልሆነም የእጭ ማጥፊያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። በተለምዶ አቤት በመባል የሚታወቀው ቴሜፎስ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም ባልበለጠ መጠን ለመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዲውል የፈቀደው ነው። መጠኑን መለካት ግን የጤና ባለሙያ ሥራ እንጂ የቤተሰብ ግምት ሊሆን አይገባም።

በጀጎል ውስጥ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ ብዙ ውሃ የሚያዝበት ስፍራ የእምነት ተቋማት ግቢ ነው። በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ በ2006 የተመዘገበው ጀጎል፣ 48 ሄክታር በሚሆን ቦታ ውስጥ 82 መስጊዶችን ይዟል። ለውዱእ የሚቀመጠው ውሃ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ስለሚቀዳ ይንቀሳቀሳል፤ ትንኝ ደግሞ የተረጋጋ ውሃን ትመርጣለች። አደጋው ያለው በመጠባበቂያነት ተሞልተው በጥግ በሚቀመጡት በርሜሎችና ገንዳዎች ላይ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ግቢ የሚቀመጥ የጸበል ዕቃም በተመሳሳይ መከደን ይኖርበታል።

ሰው ውሃ እንዲይዙለት ብሎ ያላስቀመጣቸው ዕቃዎችም አሉ። ያረጀ ጎማ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቢገለበጥም ቢዘቀዘቅም በውስጡ ውሃ ይቀራል። መፍትሔው ቀዳድቶ መጠቀም፣ በአፈር መሙላት ወይም ከዝናብ በተከለለ ቦታ ማኖር ነው። የቆርቆሮ ጣሪያን ነፋስ እንዳያነሳው በላዩ የሚጫን ጎማም የዚሁ አካል ሲሆን፣ ከታች ሆኖ ለሚመለከት ሰው ስለማይታይ ይረሳል። ተቆርጦ የተጣለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጥ ሳህን፣ የዶሮ መጠጫ፣ ከማቀዝቀዣ ጀርባ ያለው የውሃ መያዣ፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ ሁሉም በዝናብ ወራት መታየት ይገባቸዋል። በሐረር ጅቦች በግንቡ ቀዳዳዎች ሌሊት ገብተው ሥጋና አጥንት ማጽዳታቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ ጎማና የጣሳ ቁራጭ ግን ለጅብም የማይሆን በመሆኑ የሚነሳው በሰው እጅ ብቻ ነው።

በሌሊት በጆሮ ዙሪያ እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሳው ትንኝ ብዙውን ጊዜ ኪውሌክስ ናት። ይህች የምትራባው በቆሸሸ ውሃ ሲሆን፣ የተደፈነ የፍሳሽ ቦይ፣ የሞላ መጸዳጃ ጉድጓድና የተሰነጠቀ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ መኖሪያዎቿ ናቸው። ቦዩን መጥረግ፣ የጉድጓዱን ስንጥቅ መድፈንና የመጸዳጃ ቤት አየር ማስወጫ ቱቦን በወንፊት መሸፈን ቁጥሯን በከፍተኛ ደረጃ ይቀንሰዋል። ቀደም ባሉት ዓመታት በያቆረ ውሃ ላይ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ ይመከር ነበር። ዘይቱ እጩን ቢያፍነውም አፈርንና የከርሰ ምድር ውሃን ስለሚበክል በጀጎል ጠባብ ግቢዎች ውስጥ መጠቀሙ ተገቢ አይሆንም።

ጉዳዩ የነዋሪዎች ብቻ ተደርጎ የሚቀርብበት ልማድም መታረም አለበት። በከተማ ውስጥ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የጤና ተቋማትና መጋዘኖች ናቸው። ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ ተሽከርካሪዎች፣ ለጨረታ የሚጠባበቁ ጎማዎችና በርሜሎች ለዓመታት ሜዳ ላይ ተከማችተው የሚቆዩት በእነዚሁ ግቢዎች ውስጥ ነው። ንብረቱ የሚወገድበት ሥርዓት ጊዜ የሚወስድ መሆኑ ይታወቃል፤ ይሁንና ክምችቱን በሸራ ማልበስ ወይም በጣሪያ ሥር ማስገባት የጨረታ ኮሚቴ ውሳኔ የሚጠይቅ አይደለም። በአንድ ግቢ የተከማቹ 30 ጎማዎች በአንድ መንደር ያሉ በርሜሎች ሁሉ ቢከደኑ እንኳ ድካሙን ከንቱ ሊያደርጉት ይችላሉ። ኤደስ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ የማትርቅ በመሆኗ፣ የምትናደፈው የዚያኑ ግቢ ሠራተኞችና የቅርብ ጎረቤቶች ነው።

የግንባታ ቦታዎች ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለኮንክሪት ማጠጫ በተቆፈረና በላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ የሚጠራቀም ውሃ አኖፊለስ ስቴፈንሲ በብዛት ከተገኘችባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ አካላት ጉድጓዱ በየሳምንቱ እንዲደርቅ፣ ሥራው ሲቋረጥም እንዲደፈን በውል ውስጥ ሊያካትቱት የሚችሉት ጉዳይ ነው።

መራቢያውን መቆጣጠር ዋናው ሥራ ቢሆንም በራሪዋን ትንኝ ከቤት ማራቅም ያስፈልጋል። ባህላዊው የሐረሪ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ጥቂት መስኮቶች ያሉት በመሆኑ ትንኝ የምትገባባቸው መንገዶች ውስን ናቸው። በሌላ በኩል ቀዝቀዝና ጨለም ያለ ስለሆነ የገባችው ትንኝ ቀኑን የምታርፍበት ጥግ አታጣም። በነደባው ሥር፣ በግድግዳ ላይ ካሉት የዕቃ ማስቀመጫዎች ውስጥና ከተሰቀሉ ልብሶች ጀርባ ማየት ጠቃሚ ነው። የመስኮትና የአየር ማስገቢያ ክፍተቶችን ቀዳዳው ከ1 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ወንፊት ሽቦ መሸፈን ይቻላል። የተቀረጹትን ጥንታዊ በሮች ግን በሚስማር መውጋት ቅርሱን ስለሚጎዳ፣ በበሩ ላይ እስከ ወለል የሚደርስ መጋረጃ ማድረግ ይሻላል።

አጎበርን በተመለከተ በኬሚካል የተነከረ አጎበር ለ3 ዓመት ያህል ወይም እስከ 20 ጊዜ ታጥቦ እንዲያገለግል የተዘጋጀ ነው። በቀላል ሳሙና ታጥቦ በጥላ ሥር መድረቅ ይኖርበታል፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታዳክመዋለች። አጎበር ሌሊት ለምትናደፍ ትንኝ ፍቱን ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ በነደባ ላይ ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ግን ከኤደስ አያድነውም። ኤደስ ይበልጥ የምትናደፈው በማለዳና ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ባሉት ሰዓታት ሲሆን፣ እግርና ቁርጭምጭሚት ትመርጣለች። በእነዚህ ሰዓታት እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስ፣ ቀን የሚተኙ ሕፃናትንም በአጎበር ውስጥ ማስተኛት ይመከራል።

የቤት ውስጥ ርጭት በሚካሄድባቸው አካባቢዎች ከርጭት በኋላ ግድግዳን በኖራ ወይም በቀለም መቀባት መድኃኒቱን ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ለበዓልና ለሰርግ ቤት ማሳመር በተለመደበት ከተማ ቅቡ ከርጭቱ በፊት እንዲጠናቀቅ ማሳሰብ ከርጭት ቡድኑ ይጠበቃል። በኢትዮጵያ የተገኙት የስቴፈንሲ ትንኞች በርካታ የርጭት ኬሚካሎችን የሚቋቋሙ መሆናቸው በጥናት መረጋገጡም በርጭት ላይ ብቻ መመካት እንደማይቻል ያመለክታል።

ጢስን በሚመለከት የጥንጁትና የወይራ ጢስ ትንኝን ለጊዜው እንደሚያርቅ አባቶችና እናቶች ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው። ጢሱ ሲበተን ግን ትንኟ ትመለሳለች። መስኮት ባነሰበት ክፍል ውስጥ ደጋግሞ ማጨስ ደግሞ የሕፃናትንና የአስም ሕሙማንን ሳንባ ይጎዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ቢኖር በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ የደም ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2024 እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበው 1 ሺህ 157 ሰዎች መሞታቸው ሲታሰብ መዘግየቱ የሚያስከትለው ጉዳት ግልጽ ነው። ምርመራው ወባ አይደለም ካለ የወባ መድኃኒት መውሰድ አይጠቅምም። ደንጊ ሊሆን በሚችልበት ሁኔታ አስፕሪንና ኢቡፕሮፌን የመድማት አደጋን ስለሚያባብሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አይገባም፤ ለትኩሳቱ የሚታዘዘው ፓራሲታሞል ነው።

ሳምንታዊው ጽዳት ፍሬ የሚያፈራው አንድ ቤት ለብቻው ሳይሆን መንደሩ በአንድ ቀን ሲሠራው ነው። በጀጎል አንድ ግቢን በርካታ ቤተሰቦች ስለሚጋሩት የአንዱ ክፍት በርሜል የሁሉም ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት የሚሰጡት ትምህርት እንዳለ ሆኖ፣ በሐዘንና በደስታ ሰውን የሚያሰባስበው አፎቻና ሌሎች እድሮች ቀኑን ለመወሰንና የቀረውን ለማስታወስ ከማንኛውም ደብዳቤ የተሻለ አቅም አላቸው።

የቀኑ አመራረጥም በዘፈቀደ መሆን የለበትም። ውሃ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ ማንም ሰው ሙሉ በርሜል ደፍቶ እንዲያጥብ ቢጠየቅ አይቀበልም። በርሜሉ ባዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው የሚቀጥለው ፈረቃ ከመድረሱ በፊት ባለው ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ለመፈግፈግ የሚባክነው ውሃ ከአንድ ባልዲ አይበልጥም። ስለሆነም የውሃ አገልግሎት ሰጪው አካል የየመንደሩን የፈረቃ ቀን አስቀድሞ ለወረዳዎችና ለጤና ጣቢያዎች ቢያሳውቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ያሉትን ግቢዎች ውሃው ከመምጣቱ በዋዜማው ለመጎብኘት ያስችላቸዋል።